ይድረስ ወደ ሐዋሳ የሚወስደውን መንገድ ለምታስተዳድሩ ኃላፊዎች

የካቲት 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለተከበራችሁ የመንገድ፣ የትራንስፖርትና የትራፊክ ደኅንነት ሥራ ኃላፊዎች፤

ጉዳዩ፦ ለኩላሊት ሕሙማን መርጃ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በብስክሌት የምናደርገው ጉዞ እንደ ውድድር ተቆጥሮ መከልከሉን ይመለከታል

ከላይ በርዕሱ የተመለከተውን ጉዳይ በየቢሮው በር ቆመን ለማስረዳት ከሁለት ወር በላይ ሞክረን ስላልሆነልን፣ ለእናንተም ለሕዝብም በግልጽ ለመጻፍ ተገደናል። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ሁለት ጓደኛሞች ነን። አንዳችን በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነን፤ ሌላችን ሃያ ዓመት ሙሉ ብስክሌት በመጠገን የኖርን ባለሙያ። እስክሪብቶውን የያዝኩት እኔ መምህሩ ስለሆንኩ አልፎ አልፎ «እኔ» ብል ጓደኛዬ ቅር አይለውም።

ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ቅዳሜ ማለዳ ለመነሳት ተዘጋጅተን ሳለ አንድ ገጽ ደብዳቤ ተሰጠን። ደብዳቤው አሥራ አራት ሰዎች በሁለት ቀን ሐዋሳ ለመድረስ ያቀድነውን ጉዞ «የጎዳና ላይ ውድድር» ብሎ ይሰይመዋል። ከዚያም ከስፖርቱ የበላይ አካል የውድድር ፈቃድ፣ ከፊትና ከኋላ አጃቢ ተሽከርካሪ፣ አንድ አምቡላንስ፣ በጉዞው ለሚመደቡ የትራፊክ ፖሊሶች የሁለት ቀን የውሎ አበል፣ እንዲሁም ለእያንዳንዱ ተሳታፊ የአደጋ መድን ካልቀረበ መንቀሳቀስ እንደማንችል ያስታውቃል። ይህን ሁሉ እንድናሟላ የቀረን አርብ ብቻ ነበር።

ደብዳቤውን የጻፈውን ጽሕፈት ቤት ስም አልጠቀስንም፤ ፈርተን ግን አይደለም። ዛሬ እዚያ ወንበር ላይ ያሉት ኃላፊ ቢነሱ ነገ የሚተኩት ሰው ያንኑ ደብዳቤ እንደሚጽፉልን እናውቃለን። ከከተማ ውጭ ባለው መንገድ ላይ የሚሄድ ብስክሌተኛ ምን እንደሚባል በእናንተ አሠራር ውስጥ የተወሰነ ነገር ስለሌለ፣ እያንዳንዱ ቢሮ የመሰለውን ስም ይሰጠዋል። አቤቱታችንም በዋናነት ይኸው ነው።

ጉዞው እንዴት እንደተጀመረ በአጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ዕለት፣ «መንገድ ለሰው» በሚል ዋና ዋና ጎዳናዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌት ሲከፈቱ፣ እኔና ጓደኛዬ ጎን ለጎን እየነዳን ነበር። ጎን ለጎን ሆኖ እያወሩ መንዳት በዚህ ከተማ ብርቅ ነው። የጓደኛዬ ታናሽ እህት በዚያው ዓመት የኩላሊት እጥበት ጀምራ ስለነበር ወሬያችን ወደ እሷ ዞረ፤ ከዚያ እሱ «ሐዋሳ ድረስ ብንነዳስ?» አለ። እኔ የቀልድ መስሎኝ ነበር።

ኩላሊቱ ሥራውን ያቆመ ሰው እንደ ወትሮው በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አራት ሰዓት ያህል ማሽን ላይ ተኝቶ ደሙ ሊታጠብለት ይገባል፤ በዓመት ሲሰላ 156 ጊዜ ማለት ነው። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የኩላሊት ንቅለ ተከላ መሰጠት ቢጀመርም፣ ለጋሽ ያላገኘ ሰው ዕድሜው የሚቆጠረው በእጥበቱ ነው። ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብ መጀመሪያ ሦስቱን ወደ ሁለት ያወርዳል፤ ሲብስበት ወደ አንድ። በሁለት እጥበት መካከል የታማሚው ፊትና እግር እንዴት እንደሚያብጥ፣ የሚጠጣው ውኃ በስኒ እየተለካ እንዴት እንደሚሰጠው በጓደኛዬ ቤት አይቻለሁ።

የገንዘቡ አሰባሰብ ግልጽ ነው። ደጋፊው በኪሎ ሜትር ይህን ያህል ብር እሰጣለሁ ብሎ ስሙን ያስመዘግባል፤ እኛ መንገዱን እንነዳለን፤ እሱ የነዳነውን ያህል አባዝቶ በቀጥታ ወደ ሕሙማኑ መርጃ የባንክ ሒሳብ ያስገባል። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በኪሎ ሜትር 5 ብር ቃል የገባ ሰው 1,375 ብር ይሰጣል። በእኛ እጅ የሚያልፍ አንዲት ሳንቲም የለችም። የደረሰኞቹ ቅጂ በፋይል ተይዟል፤ ለሚጠይቀን ሁሉ እናሳያለን።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ ሁለታችን ብቻ ሄድን። በ2012 ዓ.ም. ስድስት ሆንን። ቀጥሎ ያሉት ዓመታት በወረርሽኙና በሀገሪቱ ሁኔታ አለፉ፤ በ2015 ዓ.ም. ዘጠኝ ሆነን ተነሳን፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ስለ መንገዱ ጸጥታ የምንሰማው ነገር ስላላማረን ማንም ሳይከለክለን በራሳችን ተውነው። ይህን የምንጠቅሰው፣ ዘንድሮ የተከለከልነው በጸጥታ ምክንያት ቢሆን ኖሮ አንዲት ቃል እንደማንተነፍስ እንድታውቁልን ነው። በጽሑፍ የደረሰን መልስ ግን ስለ ጸጥታ አንድም ነገር አይልም። ውድድር ናችሁ ነው የሚለን።

ውድድር ምን እንደሆነ አናጣውም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልበርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል እነ ገረመው ደንቦባ ብስክሌተኞች ነበሩ፤ በእኛ ዘመንም ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ድረስ ሄዶ ተወዳድሯል። ውድድር ሰዓት ያዥ አለው፣ አንደኛ የወጣና መጨረሻ የቀረ ሰው አለው፣ ለአሸናፊው የሚዘጋ መንገድ አለው። እኛ ዓለም ጤና ላይ ወርደን ሻይ እንጠጣለን። ከላንጋኖ መገንጠያ ተነስቶ አርሲ ነገሌ የሚያወጣው ዳገት ላይ አንድ ሰው ደክሞት ብስክሌቱን መግፋት ከጀመረ ሁላችንም ወርደን አብረነው እንገፋለን። በ2015 ዓ.ም. ከመካከላችን ፈጣኑ የነበረው የቀድሞ ተማሪዬ ጎማ በመለጠፍ ጎበዝ ስለሆነ ብቻ 275ቱንም ኪሎ ሜትር ከሁሉ ኋላ እንዲነዳ ፈርደንበት ነበር። ፈጣኑን መጨረሻ የሚያስቀምጥ ውድድር ካለ ፈቃዱን ለማውጣት ዝግጁ ነን።

ብዛታችን ነው ውድድር ያሰኘን ከተባለም፣ ለሰርግ መብራት አብርተው እየተከታተሉ የሚሄዱ ሃያ መኪኖች የመኪና ውድድር ፈቃድ ሲጠየቁ አላየንም። በታኅሣሥ ወደ ቁልቢ በእግሩ የሚጓዘው ምዕመንም የማራቶን ፈቃድ አምጣ አይባልም። ይህንኑ ለጉዳዩ ክፍል ሠራተኛ ባስረዳኋት ጊዜ ወይዘሮዋ በቅንነት አዳመጠችኝና፣ «መምህር፣ ባነር ባትይዙና ሁለት ብቻ ብትሆኑ እኮ ማንም አያያችሁም፤ ዝም ብላችሁ መሄድ ነበረባችሁ» አለችኝ። ምክሯ ለእኔ ከማሰብ የመጣ እንደሆነ አልጠራጠርም። ግን ቢሮው የጠየቀንን ነገር ሁሉ ያመጣብን አስቀድመን ማሳወቃችን ነው ማለት ነው፤ ደብቀን ብንሄድ ኖሮ ውድድር አንሆንም ነበር።

ማሳወቃችንን ካነሳን፣ ማመልከቻውን ያስገባነው ኅዳር 12 ቀን ነው። መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቶ ወደ ላይ መራው። ከዚያ ቀን እስከ ጥር 15 ድረስ ሰባት ጊዜ ተመላልሰናል። ሁለት ጊዜ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ አንድ ጊዜ ፋይሉ ከአንደኛው ክፍል ወጥቶ ሌላኛው ሳይደርስ መንገድ ላይ ነበር፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ደብዳቤው የሚመለከተው ሌላ ጽሕፈት ቤት ነው ተብለን ሄደን፣ እነሱ መልሰው ወደ መጀመሪያው ላኩን። ጓደኛዬ የዕለት ገቢው ከጠገነው ብስክሌት ስለሆነ የተመላለሰበት ቀን ሁሉ ሱቁ የተዘጋበት ቀን ነው። መልሱ «አይሆንም» ይሁን፤ ግን በታኅሣሥ መጀመሪያ ቢነገረን ኖሮ የሚሟላውን ለማሟላት፣ ካልሆነም አሥራ አራቱን ሰዎች ቀድመን ለማሳወቅ ጊዜ ይኖረን ነበር። ከተጓዦቹ ሦስቱ ከሥራ ፈቃድ ወስደው፣ አንዱ ከደብረ ብርሃን ብስክሌቱን አውቶቡስ ላይ ጭኖ መጥቶ ነበር።

የተጠየቁትን ነገሮች ዋጋም አጠያይቀናል። ሁለት መኪና ለሁለት ቀን ከነሹፌሩና ከነነዳጁ፣ አምቡላንሱ፣ አበሉና መድኑ ሲደመር ይሰበሰባል ብለን ከገመትነው ገንዘብ ከግማሽ በላይ ይወስዳል። ያንን ወጪ ከሕሙማኑ ገንዘብ ላይ ለመቀነስ ሕሊናችን አይፈቅድም፤ ከኪሳችን እንዳንከፍል ደግሞ ኪሳችንን እናውቀዋለን።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ዘንድሮው ውሳኔ ነው። ነገር ግን ቀደም ባሉት ጉዞዎች የገጠመን ሁሉ ከዚሁ ሥር የበቀለ ስለሆነ ሳንጠቅሰው ማለፍ አንችልም።

በ2015 ዓ.ም. ከሞጆ አልፈን በአንድ ኬላ ላይ እንድንቆም ተደረግን። ወጣቱ የኬላ ጠባቂ መታወቂያችንን በትሕትና ካየ በኋላ ወደ ጓደኛዬ ብስክሌት ዞሮ «ሊብሬውስ?» አለ። ጓደኛዬ የቀለደ መስሎት ሳቀ፤ ወጣቱ አልሳቀም። ለብስክሌት ሊብሬም ታርጋም ቦሎም እንደማይወጣ ስናስረዳው፣ ታዲያ የእናንተ መሆኑ በምን ይታወቃል አለን። ጥያቄው ሞኝነት አልነበረበትም፤ የተሰረቀ ብስክሌት ሊሆን ይችላላ። አለቃውን በስልክ ጠየቀ፤ አለቃው ሌላ አለቃ ጠየቁ። እስከዚያው ብስክሌቶቹን ደርድረን ፀሐይ ላይ ቆምን። አንድ ሌላ ጠባቂ ጎንበስ ብሎ የፊቱን ጎማ በጣቱ እያሽከረከረ ራጂው (የጎማው ሽቦ) ሲያንጸባርቅ ይመለከት ነበር፤ ጓደኛዬ ያ ሁሉ ንዴት ላይ ሆኖ እንኳ «እዚህች ጋ ትንሽ ተንሻፋለች፣ አየሃት?» ብሎ ያሳየው ጀመር። ከአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሂዱ ተባልን። የዚያ ሰዓት ዋጋ ማታ ነው የተከፈለው፤ ባቱ ከመድረሳችን በፊት ጨለመብንና የመጨረሻውን አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር የከባድ መኪና መብራት ዓይናችንን እየወጋን፣ የመንገዱን ጠርዝ በግምት እየፈለግን ነዳን። ልንከላከለው የምንችለውን አደጋ ራሱ ቁጥጥሩ ፈጠረው።

በኬላው ሊብሬ የሚጠየቅ ተሽከርካሪ የሆነው ብስክሌት አደጋ ሲደርስበት ደግሞ ይጠፋል። በ2012 ዓ.ም. ዱከም አካባቢ ከእኛ ጋር የነበረች አንዲት ነርስ በሚኒባስ የጎን መስታወት ክንዷን ተመትታ ከአስፋልቱ ወጣች፤ የአንገቷ ሥር አጥንት ተሰበረ። ሹፌሩ ቆሞ ወደ ሕክምና ያደረሳት ራሱ ነው፤ እግዜር ይስጠው። ቃላችንን ለመስጠት ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። መዝጋቢው ቅጹን ወደ ላይም ወደ ታችም አየ፤ «ሹፌር፣ ተሳፋሪ፣ እግረኛ» ነው የሚለው። ጥቂት አሰበና «ብስክሌቱ ከሥሯ ወጥቷል አይደል? እንግዲያው እግረኛ ነች» ብሎ ጻፈ። የካሣውን ነገር በተመለከተ ልዩነት አላመጣም፤ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ተጎጂውን በምን ይሂድ በምን አይለይምና። እናንተ ግን የመንገድ አደጋን ቆጥራችሁ ሪፖርት ስታወጡ ያቺ ነርስ ከእግረኞች ጋር ተደምራለች። ስንት ብስክሌተኛ በዚህ መንገድ እግረኛ ሆኖ እንደተቆጠረ ማወቅ አይቻልም፤ ካልተቆጠረ ደግሞ መንገዱ ሲሠራ ማንም አያስበውም።

ስለ መንገዱ ራሱ ልጻፍ። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ሲከፈት ለብስክሌት ዝግ ሆነ፤ ከሞጆ ወደ ባቱ የሚወስደው አዲሱ መንገድም እንዲሁ። መኪና በዚያ ፍጥነት በሚሄድበት ላይ ብስክሌት እንዳይገባ መደረጉ ትክክል ነው፤ ክርክር የለንም። ነገር ግን እኛ የቀረንበትን አሮጌውን መንገድ የፍጥነት መንገዱን ክፍያ ላለመክፈል የሚመርጡት ከባድ መኪኖችም ይጋሩናል። የአስፋልቱ ጠርዝ ብዙ ቦታ ተበልቶ ከአፈሩ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቀርቷል፤ ከዚያ የወረደ ጎማ ተመልሶ ለመውጣት ሲሞክር ብስክሌተኛውን ወደ መሐል መንገድ ይጥለዋል። የመንገዱ ትከሻ ባለበት ቦታ ደግሞ መቂ ላይ የሽንኩርትና የቲማቲም ሳጥን፣ ወደ ቡልቡላ ሲወርዱ የከሰል ጆንያ፣ በየከተማው መግቢያ የቆመ ባጃጅ ይዞታል። ሻጮቹን አንከስም፤ እነሱም እንደ እኛ ቦታ ያልተሰጣቸው ናቸው።

ገልባጭ መኪና በቅርብ ሲያልፍ ምን እንደሚሰማ ከመኪና ውስጥ ሆኖ ማወቅ ስለማይቻል ልግለጸው። መጀመሪያ ከፊቱ የሚገፋው አየር ትከሻህን ወደ ገደሉ ይገፋሃል። ሰውነትህ ሳያስበው ወደ መኪናው ያዘነብላል። ወዲያው ጎኑ ላይ ያለው አየር ወደ ጎማዎቹ ይስብሃል፤ ያን ጊዜ አንተም ወደዚያው ያዘነበልክ ነህ። ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ የፈሳሽና የአየር ግፊትን ሳስተምር ይህን ምሳሌ እሰጣለሁ፤ ክፍሉ ውስጥ ማንም አያንቀላፋም። አንድ ሜትር የመንገድ ትከሻ ቢኖር ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር።

መንግሥት ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚሠራበት የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ እንዳወጣ እናውቃለን። በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩትን የብስክሌት መስመሮችም በየቀኑ እንጠቀምባቸዋለን፤ ደህና ናቸው። ግን መስመሩ የሚያልቅበት ቦታ አለ፤ ከቃሊቲ ወዲያ ብስክሌተኛው እንደገና ማንም ያልጠራው እንግዳ ነው። በከተማ ውስጥ ብስክሌት ንዱ ተብሎ የሚበረታታ ሰው፣ ዱከም ላይ ዘመድ ሊጠይቅ ቢነዳ በየትኛው መደብ እንደሚመደብ አሁንም አይታወቅም። ስለ መልስ ጉዞው ብዙ አንልም፤ ብስክሌቶቻችን በአውቶቡሱ ፖርቶ መጋላ ላይ ከፍየልና ከጆንያ ጋር ታስረው የአንድ አንድ ሰው ሒሳብ ተከፍሎባቸው ይመለሳሉ፤ በ2012 ዓ.ም. አንዱ ጎማው ስምንት ቁጥር ሆኖ ወረደ። ታሪፉ ምን እንደሚል የጠየቅነው ሰው ሁሉ የተለያየ መልስ ሰጥቶናል።

ወደ ዘንድሮው እንመለስ። ጥር 17 ቀን ቅዳሜ ማለዳ አሥራ አራታችንም ቃሊቲ ተገናኘን። ባነሩን አልዘረጋነውም። ደብዳቤውን ለሁሉም አነበብኩላቸውና አሥራ ሁለቱ ወደየቤታቸው ተመለሱ። እኔና ጓደኛዬ ሁለት ብቻ ሆነን፣ ማንም ሳያየን፣ ቢሾፍቱ ድረስ ነድተን ተመለስን፤ ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር። ለደጋፊዎቻችን የሆነውን ሳንደብቅ ጽፈን ላክን። ብዙዎቹ «የ275ቱን እንከፍላለን፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም» አሉ፤ ምስጋናችን ይድረሳቸው። ሌሎቹ እንደ ቃላቸው በ90 አባዝተው ላኩ፤ በእነሱም አንፈርድም፣ ውሉ በኪሎ ሜትር ነበር። አንዳንዶቹ ጭራሽ መልስ አልሰጡም። በዚህ ምክንያት የጎደለው ገንዘብ በማን ቤት ስንት እጥበት እንደሆነ እኛ አንናገርም፤ የጓደኛዬ እህት ግን የዚያን ዕለት ስንመለስ በራፏ ላይ ተቀምጣ ብስክሌቶቹን አየችና «ምነው፣ ሐዋሳ እንዲህ ቀረበች?» አለችን። የምንመልሰው አጣን።

በመሆኑም የሚከተሉትን በአክብሮት እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ሰዓት የማይያዝበት፣ አሸናፊ የሌለበትና መንገድ የማያዘጋ የብስክሌት ጉዞ ውድድር እንዳልሆነ፣ ብስክሌተኛውም እንደማንኛውም መንገደኛ የትራፊክ ሕግ እያከበረ የሚሄድ የመንገድ ተጠቃሚ መሆኑ በጽሑፍ በሰርኩላር ይገለጽልን። ብዛታችን የሚያሳስብ ከሆነ ቁጥሩ ይወሰን፤ ለምሳሌ ከሃያ ሰው በታች ከሆነ ማሳወቅ ብቻ ይብቃ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ፈቃድ ይጠየቅ። ዘጠኝ ነው ቢባልም እንቀበላለን፤ ግን ይታወቅ።

ሁለተኛ፣ ለማሳወቂያም ሆነ ለፈቃድ የሚቀርብ ማመልከቻ መልሱ የሚሰጥበት የቀን ገደብ ይኑረው፤ አሥራ አምስት የሥራ ቀን በቂ ይመስለናል። ክልከላው በጸጥታ ምክንያት ከሆነም ያው ይጻፍልን፤ ያለ ጥያቄ እንተወዋለን።

ሦስተኛ፣ በኬላዎች ላይ የሚመደቡ ሠራተኞች ከብስክሌተኛ የሚጠይቁት ሰነድ መታወቂያ ብቻ እንደሆነ መመሪያ ይሰጣቸው። የብስክሌት ስርቆት የሚያሳስብ ከሆነ የግዢ ደረሰኝ ቅጂ ይዘን መጓዝ አይከብደንም።

አራተኛ፣ በአደጋ መመዝገቢያ ቅጹ ላይ «ብስክሌተኛ» የሚል አንድ መደብ ይጨመር። ይህ የሚጠይቀው በጀት አንድ መስመር ቀለም ነው።

አምስተኛ፣ ከሞጆ እስከ ባቱ ባለው አሮጌ መንገድ ላይ የተበላው የአስፋልት ጠርዝ በሚቀጥለው የጥገና ፕሮግራም ውስጥ ይገባ ዘንድ፣ ወደፊትም የሚሠሩ መንገዶች ላይ ትከሻው ብስክሌት የሚያስኬድ ሆኖ እንዲነደፍ እንጠይቃለን። የባሰባቸውን ቦታዎች በየኪሎ ሜትሩ ጽፈን ይዘናል፤ ከተፈለገ አብረናችሁ ሄደን እናሳያለን፣ በመኪናም ቢሆን።

ቀጣዩን ጉዞ ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቃሊቲ ለመጀመር አቅደናል። ለዚህ ደብዳቤ መልሳችሁን የዓለም የብስክሌት ቀን ከሚውልበት ከግንቦት 26 በፊት ብናገኝ፣ ማመልከቻውን እንደ አዲሱ አሠራር ከወዲሁ እናስገባለን። የጥር 15ቱ ደብዳቤ ቅጂ፣ የማመልከቻችን የመዝገብ ቤት ቁጥርና የሦስቱ ዓመታት የባንክ ደረሰኞች አሥራ አንድ ገጽ ከዚህ ጋር ተያይዘዋል።

ከሰላምታ ጋር

ለኩላሊት ሕሙማን መርጃ የአዲስ አበባ–ሐዋሳ የብስክሌት ጉዞ አስተባባሪዎች
መምህሩና ብስክሌት ጠጋኙ

ግልባጭ፦
ማመልከቻችንን ተቀብለው ለተቀባበሉት ለሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች
ለአሥራ ሁለቱ የጉዞ ባልደረቦቻችን
በኪሎ ሜትር ቃል ለገቡልን ደጋፊዎች በሙሉ